ፈተናዋ እስኪያልፍ

ወላይታ ሶዶ
ግንቦት 2007 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ሰነበትክ? ጉልበቴን ከበደኝ ስትል ነበር የተለየሁህ፤ ቅባቱን እየታሸህ ነው? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ብሩክታይትን በስልክ "አባባ ይበላል ወይ?" ብዬ ስጠይቃት "ይበላል" ትለኛለች፤ አባባሏ ግን አላማረኝም። ታናሽ እህቴን አውቃታለሁ፤ ያልሆነ ነገር ስታወራ ድምፅዋ ይቀጥናል። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ገብቷል፤ የዳሞታ ተራራ እስከ ረፋድ ድረስ ጭጋጉን አይጥልም። እናንተ ያላችሁበት የገሱባ መንገድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል እያልኩ አስባለሁ። ይህንን ደብዳቤ ጎረቤታችን ባዳቾ በሚኒባሱ ያመጣልሃል፤ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

አባባ፣ በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንስተህ "ልጄ" ስትለኝ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስለ ዝናቡና ስለ በቆሎው አውርተን እንዘጋዋለን። ስለዚህ ወረቀት ያዝኩ። በወላይትኛ መጻፍ ነበረብኝ። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ልጆችን በቋንቋችን ስታስተምር የኖርክ ሰው ነህና ቅር ይልህ ይሆናል። ግን በወላይትኛ ስጀምረው የእማዬ ድምፅ ይመጣብኛል፤ አንድ መስመር እንኳ አልዘልቅም። አማርኛው ትንሽ ራቅ ያደርገኛል። ለዚህ ይቅር በለኝ።

ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ከተበተነ በኋላ ከአጎቴ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጣችሁ ነበር። እኔ ጓዳ ነበርኩ። "ልጄን እናቷን እንዳትቀብር ከለከልኳት፤ ይህን እግዚአብሔር ይጠይቀኛል" ስትለው ሰማሁህ። ብሩክታይት እንደምትለኝ ዛሬም ያንኑ ትላለህ፤ ማስተማሩንም ትተሃል። ስለዚህ እውነቱን ማወቅ አለብህ። አውቅ ነበር፣ አባባ። ሽማግሌዎቹን ይዘህ ልታረዳኝ ከመምጣትህ ብዙ ቀደም ብሎ፣ አዲስ አበባ ለፈተና ከመሄዴም በፊት፣ እማዬ እንደሌለች አውቅ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ መምህር ደገፉ ከክፍል በኋላ ጠርቶ ያናገረኝን ታስታውሳለህ። ማኔጅመንት የሚያስተምረን እሱ ነው። ፈረንሳይ አገር ስሙ የገነነ የቢዝነስ ትምህርት ቤት አለ፤ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እንደጨረሱ የሚቀበላቸው ተማሪዎች አሉ፤ ከእነሱም ጥቂቶቹን ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ ያስተምራል አለኝ። ጂማት የሚባል ፈተና አለ፣ ድርሰት አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ። "ጭንቅላቱ አለሽ፤ የሚቀርሽ ልምምድ ነው" ነበር ያለኝ። የዚያን ጊዜ ለእረፍት መጥቼ ስነግራችሁ አንተ የትምህርት ቤትህን ካርታ አውጥተህ ፈረንሳይን በጣትህ አሳየኸን። እማዬ ካርታውን ዞር ብላም አላየችው። ሥራዋን ትታ እኔን ታየኝ ነበር። ቁም ነገር ሲሆንባት ወደ አማርኛ እንደምትገባው ገብታ "አንተ ልጅ፣ ሄደህ ትመለሳለህ ወይ?" አለችኝ። እኔ ሳቄ መጣና "አንቺ በይኝ እንጂ፣ እማዬ" ስላት "አንተም አንቺም ያው ልጄ ነህ፤ ትመለሳለህ ወይ ነው ያልኩ" ብላ ተቆጣችኝ። እመለሳለሁ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሕይወቴ ያ ፈተና ሆነ። ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ ሲወርዱ እኔ ባዶ ክፍል ውስጥ በሬን ዘግቼ ሰዓት እየያዝኩ ራሴን እፈትን ነበር። ቁጥሩ አያስቸግረኝም፤ የእንግሊዝኛው ንባብ ግን ይጎትተኝ ነበር። ኢንተርኔቱ ሰው ሳይበዛበት ስለሚሻል ከቁርስ በፊት ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ። የዶርም ጓደኛዬ የትምወርቅ፣ የደብረ ማርቆሷ ልጅ፣ ልብስ ስታጥብ እንኳ ፎቶ ኮፒውን ድንጋይ ላይ ዘርግታ ቃላት ትጠይቀኝ ነበር። ስሳሳት በሳሙና እጇ ውኃ ትረጨኛለች።

ለድርሰቱ፣ ሥራ ምን እንደሆነ ስላስተማረሽ ሰው ጻፊ ይላል። ስለ እማዬ ጻፍኩ። ትምህርት ሊከፈት ሲል በረንዳዋ ላይ ስለሚሰለፉት እናቶች፣ ስለ ስፌት መኪናዋ ድምፅ፣ የዩኒፎርሙን ጫፍ ወደ ውስጥ አብዝታ ስለምታጥፈው። ሌሎቹ ሰፊዎች፣ ልጁ ሲያድግ ጫፉ ተፈትቶ ሊለብሰው ነው፣ ታዲያ በዓመቱ ማን አዲስ ሊያሰፋ ይመጣል እያሉ ይስቁባት እንደነበር፤ እሷ ግን "እናቱ ሌላውን ልጅ ይዛ ትመጣለች" ትል እንደነበር። ስለ አንቺ ጻፍኩ ብዬ ስደውልላት "ምን ብለህ ጻፍክ? በሰው አገር እንዳታሳፍረኝ" አለችኝ። ከእማዬ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያወራሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ስደውል አንተ ታነሳለህ። አንድ ቀን ገበያ ናት አልከኝ። ሌላ ጊዜ ጸሎት ቤት ሄዳለች አልክ። ጉንፋን ድምፅዋን ዘግቶት መናገር አቃታት ያልከኝ ጊዜ፣ ማር በሎሚ አጠጣት ብዬህ ነበር። "እሺ፣ አጠጣታለሁ፤ አንቺ ብቻ ፈተናሽን አስቢ" አልከኝ። እንዴት ቻልክ? እኔስ ድምፅህን የማውቀው ልጅህ እንዴት አልነቃሁም? እውነቱን ልንገርህ፤ ፈተናው ቀርቦ ነበርና ማመኑ ተስማምቶኝ ነበር።

የደም ግፊት መድኃኒቷ ገሱባ ስለሚጠፋ ከዚህ እየገዛሁ በባዳቾ እንደምልክላት ታውቃለህ። አዲስ አበባ ከመሄዴ በፊት እንዳያልቅባት ብዬ ገዛሁና ወደ መናኸሪያው ወረድኩ። ባዳቾ ከመኪናው ጋ ቆሞ ሰው ይጠራል። እንዳየኝ ጥሪውን አቆመ። ፌስታሉን ዘረጋሁለት፤ እጁን አልዘረጋም። ፌስታሉን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፌስታሉን አየና "ለማን ልስጠው?" አለኝ።

እሱ ምን እንዳለ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ፊቱን ሲያዞር አየሁት። ሰው ይጋፋል፣ ረዳቱ "ገሱባ! ገሱባ!" ይላል፣ እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቆሜአለሁ። በኋላ ጋቢና ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋና መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ያኔ ነው ሁሉንም የነገረኝ። ስፌት ላይ ሳለች እንደወደቀች፤ እሱ ራሱ በመኪናው ሶዶ እንዳመጣት፤ ሆስፒታል ጥቂት ቀን እንደሰነበተች፤ መልሶ የወሰዳትም እሱ እንደሆነ።

አባባ፣ እዚህ ሶዶ! ቀኑን ቆጥሬ አላውቀውም፣ መቁጠርም አልፈለግኩም። ግን በዚያ ሳምንት እኔ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ቁጥር ስፈታ እማዬ በባጃጅ ቶሎ የሚደረስበት አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ሮጬ መምጣት እችል ነበር። እጇን መያዝ እችል ነበር። ባታውቀኝ እንኳ ፊቷን ማየት እችል ነበር። በዚህ ተቆጥቼሃለሁ። ብዙ ጊዜ ተቆጥቼሃለሁ። ቁጣዬን ደብቄ ይቅርታ ብልህ ውሸት ስለሚሆን ነው የምጽፈው።

ባዳቾን ለአንተ እንዳይነግርህ ለመንኩት። ቃሉን ጠበቀ፤ አትቀየመው። ለምን እንደለመንኩት ስታስብ ትጨነቅ ይሆናል። ከመናኸሪያው ስመለስ ነገሮች አንድ በአንድ ይታወሱኝ ጀመር። ቅቤ የምትሸጥልን ሴትዮ ገበያ መሃል ስታየኝ መንገድ ተሻግራ ነበር፤ ምን አስቀየምኳት ብዬ አዝኜ ነበር። የገሱባ ልጆች ግቢ ውስጥ ሲያዩኝ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር። ለካ አገሩ ሁሉ ለእኔ ሲል አፉን ይዟል። ሁሉም "ፈተናዋ እስኪያልፍ" ተባብለዋል። ያን ሁሉ ሰው ዝምታ፣ ያንተን ያን ሁሉ ትዕግሥት፣ በአንድ ስልክ ላፈርሰው አልቻልኩም። አውቄአለሁ ብልህ ነይ ትለኝ ነበር፤ ብመጣ ደግሞ ወደ ፈተናው አልመለስም ነበር።

ዶርም ገብቼ ግድግዳውን አይቼ ተኛሁ። የትምወርቅ አጠገቤ ተቀመጠችና ሳልነግራት "ማን ነገረሽ?" አለችኝ። አንተ ደውለህላት ኖሯል። እየጠበቀችኝ ነበር የከረመችው፤ ስልኬ ሲጠራ ቀድማኝ የምታየው ለካ ለዚያ ነው። ዶርም ውስጥ ስድስት ሴቶች ነን፤ እዚያ አይለቀስም። በማግስቱ ረፋድ ላይ እጄን ይዛ ወደ ዳሞታ ግርጌ፣ ባሕር ዛፎቹ ውስጥ አወጣችኝ። "እዚህ ማንም የለም፤ አልቅሺ" አለችኝ። አልመጣልኝም። ደረቅሁ። ከዚያ እሷ ነጠላዋን አሸርጣ በአገሯ ወግ ማልቀስ ጀመረች። አይታት የማታውቃትን እናቴን በስሟ እየጠራች፣ ሽታዬ፣ የልጅ አልባሽ፣ ሽታዬ፣ የደሃ ልጅ ሸፋኝ እያለች አለቀሰችላት። እኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አይባልም፤ እንደዚያ ያለውን ለቅሶም አላውቀውም። ግን ስሟን ስሰማ ፈነዳሁ። መሬቱ ላይ ወድቄ በቋንቋችን ጮኽኩ። ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስኩላት።

ይህን የምነግርህ እንድታውቀው ነው። እናቷን ሳታለቅስላት ቀረች እያልክ ራስህን አትብላ። አልቅሼላታለሁ። አስለቃሽም ነበረኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንተ መጣህ። "ለፈተናሽ ልጸልይልሽ መጣሁ" አልከኝ። ጢምህን ተላጭተህ፣ ያችን ቀይ መስመር ያላትን ክራቫት አስረህ ነበር። ሀዘንተኛ መሆንህ እንዳይታወቅብህ ብለህ መሆኑን ሳውቅ ክራቫቱን ማየት አልቻልኩም። ሸሚዝህ ሰፍቶህ ነበር፤ አንገትህ ቀጥኖ ነበር። ዛፉ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እናትሽ የላከችው ነው ብለህ ዳጣ በጠርሙስ ሰጠኸኝ። ከፍቼ በጣቴ ቀመስኩት፤ ጨው በዝቶበት ነበር። እማዬ ጨው አታበዛም። አንተ ራስህ ቁጭ ብለህ ቃሪያውን ስትፈጭ፣ ዓይንህን ሲያቃጥልህ ታየኝ። "እንዴት ነው?" አልከኝ። "ይጣፍጣል፣ እማዬን አመስግንልኝ" አልኩህ። "እነግራታለሁ" አልክ። ከዚያ ሁለታችንም መንገዱን ማየት ጀመርን። እኔ ያን ጊዜ አንገትህ ላይ ተጠምጥሜ፣ አባባ በቃ፣ በቃን፣ ልልህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን እጅህን ራሴ ላይ ጭነህ መጸለይ ጀመርክ። ስትጸልይ "እናቷንም ጠብቅልኝ" አልክ። እኔም አሜን አልኩ።

ፈተናው ላይ እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ጥያቄውን አንድ በአንድ ሠራሁ። ስወጣ ፀሐይ ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰው ይተላለፋል፤ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ እናቷ ሞታ እጇ የማይንቀጠቀጥ እኔ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ አልኩ። ውጤቱ ጥሩ ነበር። መምህር ደገፉ እንደጓጓው ባይሆንም ለቃለ መጠይቁ አስጠራኝ። እናንተም መርዶውን ቃለ መጠይቁ እስኪያልፍ አቆያችሁት።

ቃለ መጠይቁ በየካቲት በስካይፕ ነበር፣ በመምህር ደገፉ ቢሮ። እሱም ያውቅ ነበር፤ ግን ስለዚያ ነገር አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ኮምፒውተሩን አስተካክሎልኝ መስኮቱ ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። የምትጠይቀኝ ሴትዮ ፊቷ ደግ ነው። ድርሰትሽን ወድጄዋለሁ አለችኝና፣ እናትሽ አሁንም ትሰፋለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በእንግሊዝኛ፣ በሕይወት ያለውን ሰው ካለፈው የሚለየው የግሡ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ድምፅ ናት። አዎ፣ ትሰፋለች አልኳት። ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ዛሬ የገበያ ቀን ነው፣ በረንዳዋ ላይ ሰው ይበዛል አልኩ። መኪናዋ ሲጮህ ዘይት ታጠጣዋለች፣ መርፌ አፏ ውስጥ ይዛ ታወራለች፣ እኔ እንዳትውጪው ስላት ትስቅብኛለች አልኩ። ሁሉንም በአሁን ጊዜ አልኩት። ሴትዮዋ ስትሰናበተኝ ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ አለችኝ። አደርሳለሁ አልኳት። ዞር ስል መምህር ደገፉ ቢሮው ውስጥ አልነበረም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እናንተ መጣችሁ። እዚህ ሶዶ ያለችው አክስቴ ጠርታኝ እሷ ቤት አድሬ ነበር። አጎቴን፣ ወንጌላዊውን፣ ከኋላቸው አንተን ሳይ ሁሉም ያለቀ መሰለኝ። የሚጠብቀኝን ስለማውቅ እንዴት እንደማለቅስ ሳስብ ነበር፤ እንዳይነቃብኝ ብዬ። አንተ ግን ለሽማግሌዎቹ ሳትተው ራስህ ተናገርክ። "ልጄ፣ እናትሽ የለችም" አልክ። አባባ፣ ያን ጊዜ የጮኽኩት ማስመሰል አይደለም። ባዳቾ ተሳስቶ ይሆናል የሚል አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ጸሎትህ ላይ አሜን ያለው እሱ ነበር። የዚያን ጠዋት ነው እሱም የሞተው። አንተ እግሬ ሥር ተንበርክከህ "ይቅር በይኝ" ስትለኝ ያኔውኑ ልነግርህ ይገባ ነበር፤ ጉልበት አጣሁ።

አሁን ነገርኩህ። ቀብሯ ቢያመልጠኝም ለቅሶዋን አልከለከልከኝም። ከሰማሁ በኋላ እኔም አውቄ ነው የቀረሁት፤ ጥፋት ካለው እኩል እንካፈለው። ነገ ተነስተህ ወደ ትምህርት ቤት ሂድ። ልጆቹ ይጠብቁሃል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ሆስፒታል ሳለች አፏን ከፍታ ነበር? ጠርታኝ ነበር? "ፈተናዋ እስኪያልፍ አትንገሯት" ያለችው እሷ ናት? ከሆነ ንገረኝ። ካልሆነም፣ አባባ፣ እሷ ናት በለኝ። አምንሃለሁ።

ስለ ፈረንሳዩ ትምህርት ቤት በብሩክታይት በኩል ጠይቀኸኝ ነበር። መልሳቸው ገና ነው። ባለፈው ሳምንት መምህር ደገፉ ቢሮው ጠርቶኝ ነበር፤ በሩን ዘጋና ሻይ አስመጣልኝ፣ የእሱ ሻይ ግን ሳይነካው ቀዘቀዘ። በየዓመቱ ከየአገሩ ስንት ጎበዝ እንደሚያመለክት፣ እሱም በወጣትነቱ ያሰበው ሁሉ እንዳልሆነለት፣ ሰው በሌላ ዓመትም መሞከር እንደሚችል ሲያጫውተኝ ቆየ። ጥሩ ሰው ነው። የትምወርቅም ከአልጋዬ በላይ የለጠፍኩትን የትምህርት ቤቱን ሥዕል፣ አቧራ እንዳይነካው ብላ ነቅላ ሻንጣዬ ውስጥ ከታልኛለች። እስከዚያው እጄን አጣጥፌ እንዳልቀመጥ ተበላ ከተማ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሂሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲሉ ሰምቼ አመልክቻለሁ፤ ከተመረቅኩ በኋላ ለአንተም ለብሩክታይትም ቀረብ እላለሁ። ሰው ከጠየቀህ ገና ነው በል። በተለይ ገበያ ላይ የሚጠይቁህን፣ ያን ያህል ዝም ያሉልኝን፣ ልጄ አመስግናችኋለች፣ መልሱ ገና ነው በላቸው። አንተ አሁን እህል ቅመስ፣ ጉልበትህም ይጥና፤ ሲሻልህ ቁጭ ብለን፣ የመልሱንም ነገር ጨምሮ፣ ሁሉንም እናወራለን።

እግዚአብሔር ሌሊቱን እንቅልፍ፣ ቀኑን ብርታት ይስጥህ። ብሩክታይትን ዓይኗን ሳምልኝ። ለአጎቴና ለደጃችን ሰው ሁሉ፣ በየስማቸው፣ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። የእማዬን አፈር ዝናቡ እንዳይሸረሽረው ዙሪያውን ሣር አስተክልበት።

እጅህን እየሳምኩ፣

ልጅህ